ደረጃው ሴራሚክ ሳይለብስ

የአዲስ አበባ አሮጌ ግቢ ያሳደገው ሰው የቤቱን ደረጃ አይረሳም። ከሳሎኑ በር ወደ ግቢው አፈር የሚያወርድ፣ ሁለት ወይም ሦስት መርገጫ ያለው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ደረጃ ነበር። ኅዳር ላይ ጧት ጧት አዛውንቶች ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይቀመጡበታል። ምስር ይለቀምበታል፤ ሕፃን ቅቤ ተቀብቶ ፀሐይ ይሞቅበታል፤ ልጆች ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው የቤት ሥራቸውን ይሠሩበታል። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ውስጥ ቦታ ያጣ ሰው እዚያው አረፍ ይላል። እንቁጣጣሽ ዕለት አበባ የያዙ ልጃገረዶች የሚሰለፉት ከፊቱ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከጎኑ በተተከለች ቁራጭ ብረት ላይ የጫማ ጭቃ ይፋቃል።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ደረጃ እንዴት እንደተሠራ የሚያወራ ሰው ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ደረጃ ሲነሳ ወሬው ስለ ሴራሚኩ ቀለም፣ ስለ ግራናይቱ ውፍረት፣ ስለ ካሬ ሜትሩ ዋጋ ነው። ከሴራሚኩ በፊት ስለሚሠራው ሥራ፣ ስለ ልኩ፣ ስለ ተዳፋቱ፣ አሮጌው ሊሾ ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ ባለቤት ብርቅ ሆኗል። የቀድሞዎቹ ግንበኞች ግን አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚሰጡት ለዚህ ነበር። ሴራሚኩን ማንጠፍ ለእነሱ የሥራው ጭራ ነው።

ከሲሚንቶ በፊት ደጃፍ ላይ የሚረገጠው ድንጋይ ነበር። በጭቃ ቤቱ መግቢያ ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ይጋደማል፤ አቅም ያለው አስጠርቦ ያስቀምጣል። አክሱማውያን ትልልቅ ሕንፃዎቻቸውን በእርከን እርከን ወደ ውስጥ በሚያፈገፍግ የድንጋይ መሠረት ላይ ያቆሙ ነበር። የጎንደሩ የፋሲል ግንብም በውጭ በኩል የሚያወጣ ደረጃ አለው፤ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘው ኖራ ነው። ለተራው ሰው ደጃፍ የሚተርፍ ሲሚንቶ የመጣው ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ የሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነበር። አዲስ አበባ የራሷን ያገኘችው በ1950ዎቹ ሲሆን፣ ሙገር ማምረት የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መካከል የሊሾ ዘመን ሰፍኖ ቆየ። ልስኑ ሳይደርቅ ደረቅ የሲሚንቶ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ግንበኛው ተንበርክኮ መስታወት እስኪመስል በማንኪያው ያሸዋል። ቀይ ቀለም የተጨመረበትም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙና ይታሻል፤ ዓውደ ዓመት ሲደርስ ሰም ተቀብቶ በአሮጌ ብርድ ልብስ ይወለወላል። ቪላ የሠሩት ደግሞ ቴራዞ ያስፈስሱበት፣ ወይም ስብርባሪ እብነ በረድ በሲሚንቶ ያስደረድሩበት ነበር። ያ ሥራ ዛሬም በአንዳንድ አሮጌ ቪላዎች ደጃፍ ላይ እንዳማረበት አለ፤ የሚያፈርሰው ሰው ሁለት ጊዜ ቢያስብ መልካም ነው።

ከዚያ የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ በወር ከ100 ብር በማይበልጥ ኪራይ ይከራዩ የነበሩት ቤቶችም ለቀበሌ ተላለፉ። ኪራዩ ትንሽ ነበር፤ ጥገናውም የዚያኑ ያህል። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ሲሚንቶ አያፈስም፤ ቀበሌውም ጣሪያ የሚያፈሰው ቤት ተሰልፎ እያለ ለደረጃ የሚሆን በጀት የለውም። የግል የቀሩት ቤቶችም ቢሆኑ በዚያ ዘመን ሲሚንቶ እንደልብ አያገኙም ነበር። ስለዚህ የብዙ ሰፈር ደረጃ በእነዚያ ዓመታት ተሰነጠቀ፣ አንድ ጎኑ ሰመጠ፣ ጠርዙ ተሸራረፈ። ሰዉም ለመደው። ልጆች የትኛው መርገጫ እንደሚወላገድ በጨለማም ያውቁት ነበር።

ሴራሚክ በብዛት ወደ ግለሰብ ቤት የገባው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። በ1990ዎቹ ከውጭ የሚመጣው ሴራሚክ መርካቶ ውስጥ በካርቶን ተከምሮ መታየት ጀመረ፤ ውጭ አገር ያለ ልጅ የላከው ገንዘብም ብዙ ጊዜ የሚውለው ለዚህ ሆነ። መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱ፣ ከዚያ ሳሎኑ፣ በመጨረሻ የደጁ ደረጃ። ሳሎን ላይ የተሳካለት ሰው ደረጃውንም በዚያው አኳኋን አለበሰው። ችግሩ የተፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። ሳሎን ጣሪያ አለው፤ ደረጃው ግን ጣሪያ የለውም።

ዛሬ ራሱ ሴራሚክ ነጣፊ የሆነ አንድ የጉለሌ ልጅ በእነዚያ ዓመታት የአንድ ሽማግሌ ግንበኛ ረዳት ነበር። ሽማግሌውን ሠራተኛውም ባለቤቱም ጋሼ ነበር የሚላቸው። በወጣትነታቸው፣ በ1950ዎቹ፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሲሠራ ባሬላ ተሸክመዋል፤ ሙያውንም የቀሰሙት ከጣሊያን ግንበኞች እግር ሥር ሆነው በዓይናቸው ነው። መጻፍ እምብዛም አይሆንላቸውም፤ ልኩን ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘው ነው የሚሠሩት። ረዳቱ ከእሳቸው ጋር ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ አብልጦ የሚያነሳው ጉለሌ ውስጥ የአንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት የነበረውን ባለ ሦስት መርገጫ ደረጃ ነው።

መምህርቷ ልጃቸውን ጥር ላይ ይድሩ ነበር። ሴራሚኩ ከመርካቶ መጥቶ በረንዳው ላይ ተደርድሯል፤ የቀረው ማንጠፍ ብቻ ይመስላቸዋል።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ዛሬ ይጀመርልኛ» አሉ።

«እትዬ፣ ሴራሚኩ ይቆየን። መጀመሪያ አንድ ባልዲ ውሃ ያስመጡልን።»

ውሃው መጣ። ሽማግሌው ከበሩ ሥር ቀስ አድርገው አፈሰሱትና ዝም ብለው ቆሙ። ውሃው ወደ ግቢው አልወረደም። በግራ በኩል ወደ መቃኑ ሄዶ ተጠራቀመ፤ ጥቂት ቆይቶም በበሩ ሥር ወደ ሳሎኑ ገባ። መምህርቷ ክረምት በመጣ ቁጥር በዚያ ጥግ ጨርቅ ሲጎዘጉዙ ኖረዋል፤ ምክንያቱን ያዩት ግን ያን ዕለት ነው። በዚህ ላይ ሴራሚክ ቢነጠፍ ውሃው መንገዱን አይቀይርም፤ ከላይ አምሮ ከታች ይበሰብሳል።

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጣሪያ ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ደረጃውን በቀን ብዙ ጊዜ ይመታዋል። ጥቅምትና ኅዳር ሲመጡ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ የሚያቃጥል ፀሐይ ይሆናል፤ ሲሚንቶውም ሴራሚኩም በየቀኑ ይለጠጣሉ፣ ይሰበሰባሉ፤ ግን እኩል አይደለም። ከስር ባዶ ቦታ ካለ ውሃ ይገባበታል፤ ውሃውና የፀሐዩ ሙቀት ተባብረው ሴራሚኩን ከያዘው ያላቅቁታል። በሁለተኛው ክረምት ላይ ሲረገጥ የሚንኳኳ ደረጃ ታሪኩ ይህ ነው።

ሽማግሌው ታችኛውን መርገጫ አስፈረሱ። ከስሩ የወጣው አመድ፣ የገል ስብርባሪና የባሕር ዛፍ ሥር ነበር። ቤቱ በድንጋይ መሠረት ላይ ቆሟል፤ ደረጃው ግን ቤቱ ካለቀ በኋላ ግቢ ውስጥ በተገኘው ሙሌት ላይ ተደርቦ የተሠራ ስለሆነ ቤቱ ባለበት ሲጸና ደረጃው ብቻውን ሰመጠ። በከተማው ውስጥ ይህ የተለመደ ጥፋት ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል ደግሞ ከዚህ የባሰው ጥቁር ኮትቻ አለ፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። እዚያ ያለ ደረጃ አፈሩ ወጥቶ ገረጋንቲ ካልተሞላበት ምን ዓይነት ውድ ግራናይት ቢለብስ ከግድግዳው መላቀቁ አይቀርም።

አመዱና ሥሩ ወጡ። ረዳቱ ገረጋንቲውን በስስ በስሱ እያፈሰሰ፣ ውሃ እያርከፈከፈ፣ በመጠቅጠቂያ ደበደበው። አንድ ላይ ሞልቶ ከላይ ብቻ መደብደብ ይቀለው ነበር፤ ሽማግሌው ግን እያንዳንዱ ድርብ ተረከዝ ሲመታው ድምፁ ደረቅ እስኪሆን ድረስ ቀጣዩን አያስጨምሩም። ከዚያ ድንጋዩ ተደረደረ፣ አርማታው ተሞላ።

ቀጥሎ ልክ ማውጣት ነው። ለዚህ ከምን አለሽ ተራ የተገዛ ረጅም ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ነበራቸው። ውሃ ይሞላል፤ አረፋ እንዳይኖርበት ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት ይነካካል፤ ከዚያ አንዱ ጫፍ በሳሎኑ ወለል በኩል፣ ሌላው በግቢው ጥግ ይያዛል። በሁለቱም ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል። አረፋ ካለ ልኩ ይዋሻል፤ ረዳቱ የመጀመሪያውን ተግሳጽ የቀመሰው በአንዲት የአረፋ ፍሬ ምክንያት ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ በብርሃን መስመር የሚሠራ መሣሪያ አለ፤ ፈጣንም ነው። ቱቦው ግን ባትሪ አይፈልግም፣ ጥግ ዞሮም ይለካል።

ልኩ ሲወጣ የደረጃው ገመና ታየ። ሦስቱ ከፍታዎች 14፣ 19 እና 15 ሴንቲ ሜትር ነበሩ። ሰው ደረጃ ሲወጣ ዓይኑ መንገድ የሚያሳየው በአብዛኛው ለመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ የቀረውን እግር በልማድ ይወጣዋል። ከመሃል አንዱ በአምስት ሴንቲ ሜትር ከበለጠ የእግር ጣት ይመታል። መምህርቷ ሁለት ጊዜ የወደቁበት መርገጫ የትኛው እንደሆነ ሽማግሌው ሳይነገራቸው በማንኪያቸው ነክተው አሳዩ።

ጠቅላላው 48 ሴንቲ ሜትር ነውና ለሦስት ተካፍሎ 16 ደረሰ፤ የመርገጫው ስፋት 30 ሆነ። ፈረንሳዊው አርክቴክት ፍራንሷ ብሎንዴል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለደረጃ ያወጣው ስሌት ዛሬም በአርክቴክቸር ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ የከፍታው እጥፍ ከስፋቱ ጋር ሲደመር በዛሬው መለኪያ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ይሁን የሚል ነው። የጉለሌው ደረጃ 62 ነው። ሽማግሌው ብሎንዴልን አያውቁትም፤ የእሳቸው መለኪያ የሰው እግር ነበር። ልኩን በጣውላ ቁርጥራጭ ደርድረው መምህርቷን ራሳቸውን ሁለት ጊዜ አስወጥተው አስወረዷቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ነጣፊዎች የሚስቱት ስሌት አለ። ሴራሚኩና ከስሩ ያለው ማያያዣ አንድ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይጨምራሉ። ሁሉም መርገጫ እኩል ስለሚወፍር በመሃል ያሉት ከፍታዎች አይለወጡም፤ የመጀመሪያው ግን ከግቢው መሬት በሦስት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ላይኛው መርገጫ ደግሞ ወደ ሳሎኑ ወለል ይጠጋል፤ አንዳንዴም እኩል ይሆንና ወደ ውጭ የሚከፈት በር አላንቀሳቅስ ይላል፤ ዝናብም መግቢያ ያገኛል። ስለዚህ የሴራሚኩ ውፍረት ከመሠረቱ መቀነስ አለበት። ላይኛው መርገጫ ሴራሚክ ለብሶም ከውስጡ ወለል ዝቅ ብሎ መቅረት አለበት። ይህ የሚታሰበው ሴራሚኩ ከካርቶን ሳይወጣ ነው፤ ከተነጠፈ በኋላ የሚያድነው የለም።

የቀሩት ሁለት መርገጫዎች ጤነኛ ነበሩና አልፈረሱም። ነገር ግን በላያቸው የዓመታት ቀይ ሰም አለ። ሰም የጠጣ ሊሾ ማንኛውንም ነገር አያስጠጋም፤ ልስንም ሆነ ማጣበቂያ ከላዩ ይንሸራተታል። ረዳቱ መሮና መዶሻ ይዞ ተንበረከከ። ቀዩ ቅርፊት በጥፍር ልክ እየተፈነጠቀ ሲነሳ ከስሩ ግራጫው ሲሚንቶ፣ ከዚያ የጠጠሩ ፊት ብቅ ይላል። ጠጠሩ ያልታየበት ቦታ አልተቆረቆረም ማለት ነው። ሽማግሌው በእጃቸው ይዳብሱታል፤ መዳፋቸው የሚንሸራተትበት ቦታ ካለ በከሰል ምልክት አድርገው ይመልሱታል። የዚያ ሁለት መርገጫ ቁርቆራ ከማንጠፉ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ አቧራው ተጠረገ፣ በብሩሽ ታጠበ፣ ሌሊቱን ውሃ እንዲጠጣ በረጠበ ጆንያ ተሸፈነ። ደረቅ ሲሚንቶ ላይ የሚፈስ ልስን ውሃው ከስሩ ተመጥጦበት ሳይጠነክር ይደርቃልና።

አሸዋውንም ዝም ብለው አልተቀበሉትም። ከጭነቱ አንድ እፍኝ አንስተው በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጠበጡት፤ አሸዋው ወርዶ ሲረጋ ከላዩ የሚያርፈው ጭቃ ምን ያህል እንደሆነ አዩ። ወፍራም ነበር። አሸዋው ታጠበ። ሻጩ ያመጣውን አሸዋ ከመኪናው እንደወረደ ከሲሚንቶ ጋር የሚቀላቅል ሰው በአንድ ጠርሙስ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር በፈቃዱ ይተወዋል።

ማለዳ ላይ ጆንያው ተነሣ። መርገጫው እርጥብ ነው፤ ግን ውሃ አልቋጠረም። ሲሚንቶ በውሃ ተበጥብጦ እንደ ቀጭን አጥሚት ሆነና በብሩሽ ተቀባ፤ ይህ ሳይደርቅ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ የተቦካው ልስን ከላዩ ተዘረጋ። ልስኑ በእጅ ሲጨበጥ ቅርፁን የሚይዝ፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ ነው። ጠርዙ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲባጎ ተወጥሯል፤ ማዕዘኑ በስኳድራ ተይዟል።

ተዳፋቱን የሰጡበት ዘዴ ረዳቱ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው። የ30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ልክ ከበሩ ወደ ግቢው አቅጣጫ ይጋደማል። በግቢው በኩል ካለው ጫፍ ሥር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላት የጣውላ ቁራጭ ትገባለች። በዚያ ላይ አረፋው መሃል ከቆመ መርገጫው በ30 ሴንቲ ሜትር ግማሽ፣ በአንድ ሜትር ደግሞ 1.7 ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ለእግር አይታወቅም፤ ለውሃ ግን ይበቃዋል። ስታጃው፣ ቀጥ ያለው ማስተካከያ ዘንግ፣ እየተጎተተ ትርፉን ያወጣል፣ ጎድጓዳው ይሞላል፣ ቁራጯ እንደገና ትገባለች። ይህ በሦስቱም መርገጫ፣ በሁለቱም ጫፍና በመሃል ተደገመ። ፊቱ በማንኪያ አልታሸም፤ ሻካራ ሆኖ ተተወ፤ ሴራሚኩ የሚይዘው ሻካራውን ነው።

ደረጃው ከቤቱ ግድግዳ በሚገናኝበት መስመር ላይ ሽማግሌው የካርቶን ቁራጭ አቆሙ። ሁለቱ አይጣበቁም፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውን እንዳይሰነጥቅ ነው። ካርቶኑ በኋላ ወጥቶ ክፍተቱ በሬንጅ ተደፈነ። ብዙ ሰው ይህን ክፍተት እንደ ጉድለት ቆጥሮ በሲሚንቶ ያስደፍነዋል፤ በቀጣዩ ክረምት ስንጥቁ በራሱ መንገድ ይወጣል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ለመምህርቷ ከሁሉ የከበደ ነበር፤ ጥበቃ። ልስኑ ሰባት ቀን ሙሉ በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ ጧትና ማታ ውሃ ጠጣ። ቤተሰቡ በጣውላ ድልድይ ይወጣል ይገባል። ከዚያ ደግሞ ሽማግሌው ወር ሳይሞላው ሴራሚክ አይወጣበትም አሉ። በምህንድስና መጻሕፍትም የሲሚንቶ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ልስኑ በነዚያ ሳምንታት እየደረቀ ይሰበሰባልና ያልተሰበሰበ ልስን ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ አብሮ ይጎተታል። ሰርጉ ግን ከዚያ በፊት ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህ በግራጫ ደረጃ ልጄን ልሸኛት ነው?»

«እትዬ፣ ምንጣፍ ይነጠፍበት። ሙሽራዋ የምትረግጠው እሱን ነው፤ እርስዎ ግን እዚህ ቤት ይኖራሉ።»

ጎረቤት አጉረመረመ፤ አንዳንዱም ገንዘቡን በልተው ሳይጨርሱት ሄዱ አለ። ሰርጉ ምንጣፍና ቄጤማ በለበሰው ደረጃ ላይ አለፈ፤ ሚዜዎቹ ዘፍነውበታል፣ ፎቶም ተነስተውበታል። ሴራሚኩ የተነጠፈው የካቲት ላይ ነው።

እሱም ቢሆን መጀመሪያ የተገዛው አልነበረም። በረንዳ ላይ የተደረደረው የሚያብለጨልጭ የግድግዳ ሴራሚክ ነበር። የግድግዳ ሴራሚክ ብዙ ጊዜ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውሃ ይመጥጣል፤ ለውጭ ወለል የሚሆነው ፖርስሊን ግን በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ከ0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሽማግሌው በመቶ አላሰሉትም። ካርቶኑን ከፍተው አንዱን ገልብጠው ጀርባውን በእርጥብ ጣት ነኩት፤ ምልክቱ ወዲያው ጠፋ፣ ጠጥቶታል። ያ ሴራሚክ ወደ ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ተዛወረ፤ ለደረጃው ፊቱ ሻካራ የሆነና ውሃ የማይጠጣ ተገዛ። ሲነጠፍም ማያያዣው በአራት ጥግና በመሃል ጠብ ጠብ ተደርጎ አልተቀመጠም፤ ከስሩ ባዶ ቦታ እንዳይቀር ሙሉ በሙሉ ተለቅልቆ ነው። እያንዳንዱ በማንኪያው እጀታ ተንኳኳ፤ ባዶ ድምፅ የሰጠው ተነስቶ እንደገና ተጣለ።

ረዳቱ ባለፉት ዓመታት ወደዚያ ቤት ተመልሷል። መምህርቷ አርፈዋል፤ ልጃቸው ሴራሚኩ ዘመኑ አልፎበታል ብላ አስቀይራዋለች። የሚያስቀይር ሌላ ነገር ግን አልተገኘም፤ ልኩም ተዳፋቱም እንደተሠሩ ናቸው።

ለውጭ ሥራ ይህን ያህል መጠንቀቅ የአነስተኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውና ያው ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በቅርቡ ሲታደስ፣ የውጭ ግድግዳውን የለበሱት ብርቱካናማና ቡናማ ትንንሽ ሴራሚኮች፣ 13 ሚሊዮን ያህል፣ በተመሳሳይ ተሠርተው ተተክተዋል። አዳራሹ እንደገና የተከፈተው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ፀሐይና ዝናብ ያለማቋረጥ የሚያገኙት ሥራ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ትልቅ ሕንፃም ሆነ የጉለሌ ደጃፍ።

አሁን ደግሞ አዲስ ችግር ተጨምሯል። ብዙ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ብሎ ግቢው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። የድሮው የደረጃ ልክ የተወሰደው ከግቢው ነበር፤ ዛሬ ውሃው ከመንገዱ ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ ደጃፉ ይመጣል። ስለዚህ ደረጃ ከማስተካከል በፊት የግቢውን መውጫና የውሃ መውረጃውን ማየት ግድ ሆኗል። በዚህ ላይ የግንበኛ ክፍያ በካሬ ሜትር ሴራሚክ መቆጠሩ ነገሩን አባብሶታል። በካሬ የሚከፈለው ሰው ቁርቆራውን፣ ጥቅጠቃውንና ጥበቃውን በነፃ እንዲሠራ እየተጠየቀ ነው፤ ቢዘለው የሚወቀሰው እሱ ብቻ መሆኑ ፍትሐዊ አይደለም።

ሽማግሌው ግንበኛ ዛሬ በሕይወት የሉም። ረዳቶቻቸው አሉ፤ የቱቦውንም፣ የጣውላ ቁራጯንም ዘዴ ያውቃሉ፤ የሚጠይቃቸው ባለቤት ካገኙ ይሠሩበታል። ለጥር ሰርግ ደረጃውን ሴራሚክ ሊያለብስ ያሰበ አንባቢ ግንበኛውን በኅዳር መግቢያ ይጥራ፤ የማስተካከሉን ዋጋ ከማንጠፉ ለይቶ ይዋዋል፤ ሴራሚኩን ደግሞ ልኩ ከወጣ በኋላ ይግዛ።